ቀይዋ መርከብና የጋሽ ይርጋ መሐላ

ጋሽ ይርጋ መሞቱን የነገረኝ ተካ ነው። ይኼ ራሱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሰብ ወደብ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ትኩስ አየር እያዞረ ለሁላችን እኩል ሲያካፍለን፣ ተካ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ተካ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ባለ ተሳቢ መኪና የሚነዳ ሾፌር ነው። ወትሮ ከደጅ ጀምሮ በዓረብኛ ሰላምታ ቢሮውን የሚያናጋው ሰውዬ ያን ቀን ድምፁ አልወጣ አለ።

«እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«ጋሽ ይርጋ አረፈ። ኮምቦልቻ፣ እህቱ ቤት። ቀብረነው ነው የወረድኩት።»

ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እሱ ብቻ ነው ያመነኝ፤ በዚህ አገር እሱ ብቻ ነው ያመነኝ» ይላል ደጋግሞ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። የጽሕፈት ክፍሉ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበን። ያን ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ ከጥቂት ቀናት በኋላ የት ላድርገው ብዬ እንደምቸገር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ይርጋ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሽያን ነበር። የሙቀትና የግፊት መለኪያ ነው የሚጠግነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ማንቁርቱ ከንግግሩ ቀድሞ የሚወጣና የሚወርድ የወሎ ሰው። ከሥራ ሲገባ ማራገቢያው ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቆምና «ደርቄያለሁ፤ ከገመዱ አውርዱኝ» ይላል። አላገባም። ለምን ሲሉት «በአሰብ ሙቀት ሁለት ሰው ባንድ ክፍል? ሴትየዋ ምን በደለችኝ?» ብሎ ያስቃቸዋል። ከሳቁ በኋላ ግን ያልመለሰውን ጥያቄ ማንም መልሶ አይጠይቀውም። ብዙ ነገር እንዲህ ነበር የሚያልፈው። ይኼንንም ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ይኼ ሰው የድሮ መጫወቻ ይሰበስብ ነበር። ጣሊያኖች ለልጆቻቸው ያመጧቸው፣ በቁልፍ የሚሞሉ የቆርቆሮ መጫወቻዎች፤ ልጆቹ ሲያድጉ ወይም ሰዎቹ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ እዚህም እዚያም የቀሩ። ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮ ነበረው። ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ወታደር ነበረው፤ ጭንቅላቱ ከሌላ ወታደር የመጣ። ጎልማሳ ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ዝንጀሮ ሲሞላ ማየት ለሠራተኛው ካምፕ ከሲኒማ የማይተናነስ መዝናኛ ነበር። «ሙቀቱ አናቱን መታው» ይላሉ። እሱ ደግሞ «መምታቱንስ መታኝ፤ ግን እናንተን የመታችሁ ምንድን ነው?» ይላል።

እኔን በዚህ በሽታ ያስያዘኝ እሱ ነው። ከደሴ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትኳት እህል የምትለቅም የቆርቆሮ ዶሮ ነበረችኝ፤ የእናቴ ማስታወሻ ናት። አሰብ ከገባች ዓመት ሳይሞላት ክንፏ ዛገና መልቀሟን ተወች። ቀለም ቀብቶ እንዲያድስልኝ ወሰድኩለት። ጋሽ ይርጋ መጀመሪያ እጁ ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰ። በአሰብ የሰው እጅ ሁልጊዜ ላብ ነው፣ ላብ ደግሞ ጨው ነው፤ ስለዚህ ቆርቆሮ ከመንካቱ በፊት እጁን እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጭ ያደርጋል። ዶሮዋን አገላብጦ አየና «ቀለም አልቀባትም። አሮጊት ኩል ብትኳል ልጅ ትሆናለች እንዴ?» አለኝ። ሞላውን ፈትቶ አጸዳ፣ ዘይት ጠብ አደረገ፣ ዶሮዋ መልቀም ጀመረች። በዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እየሄድኩ ቀረሁ።

ሦስተኛችን አቶ ፍስሐ ናቸው። የጉምሩክ ሰው፤ ደልደል ያሉ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ነገር የሚያውቁ፣ ማወቃቸውንም የሚያውቁ። ከጋሽ ይርጋ ጋር አሰብ አብረው የገቡ፣ አንድ ክፍል ተካፍለው የኖሩ ወዳጆች ነበሩ። ካምፑ ሦስታችንን «የቆርቆሮ ማኅበር» ብሎ ሰየመን። «ማኅበራችሁ የማን ነው፣ የሚካኤል ወይስ የዝገት?» ይሉናል።

ዝገቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ጋሽ ይርጋ «ብረት ይቅር ባይ ነው፤ ጨው ነው ቂመኛው» የሚል አባባል ነበረው። ከባሕሩ የሚነሳው አየር ምንም ነገር አይምርም። በሰኔ ሙቀቱ ሲብስ ሰው ልጆቹንና ሚስቱን ወደ ደጋ ይሰዳል። እኛም መጫወቻዎቻችንን ወደ ደጋ መስደድ ጀመርን። የጋሽ ይርጋ ሐሳብ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ኮምቦልቻ እህቱ ቤት አልጋ ሥር ይከርማሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። ስንሸኛቸው «እረፍት ወጡ» እንላለን። የሚያደርሳቸውና የሚመልሳቸው ተካ ነበር።

በአሰብ ሰው ሁሉ በሾፌር ነበር የሚኖረው። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ሽሮው ከደጋ በሾፌር ይመጣል፤ ደረቅ ዓሣውና የልጆቹ ልብስ በሾፌር ይወጣል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። ባለቤቱ በገዛ እጁ ለሾፌሩ ያስረክባል፣ «አደራ» ይላል፣ ይኼው ነው። ሾፌር ሊጠጣ ይችላል፣ ሊሳደብ ይችላል፤ አደራ ግን አይበላም። አደራ በላ የተባለ ሾፌር ከእስረኛ አይሻልም። ተካ በዚህ ስሙ የከበረ ነበር። ከደጋ ሲመለስ ካምፑ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሴቶቹ እየተሯሯጡ ይወጣሉ፣ እሱም የእያንዳንዷን ዕቃ በስሟ እየጠራ ከጋቢናው ያወርዳል።

አሁን ወደ መርከቢቱ ልምጣ። አሰብ የምትኖር አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ አገሯ ልትገባ ቤቷን ስታራግፍ፣ ማቀዝቀዣዋን ሲጠግንላት የኖረውን ጋሽ ይርጋን «የልጄን መርከብ ና ውሰድ» ብላ ላከችበት። እሱ የሥራ ተራው ሆኖ ከማጣሪያው መውጣት አልቻለም። አቶ ፍስሐን «እባክህ ተቀበልልኝ» አላቸው። አቶ ፍስሐ ሄዱ፣ መርከቢቱን ይዘው መጡ። ሁለት ጭስ ማውጫ ያላት፣ ከጦርነቱ በፊት የተሠራች፣ ደም የመሰለች ቀይ መርከብ። ውስጧ አንዱ የማርሽ ጥርስ ተሸርፏል፤ ስለዚህ ስትሞላ «ትር ትር ትር» ትልና አንድ ነገር የረሳች ይመስል ቀጥ ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ጋሽ ይርጋ ሲያያት ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። እጁን ሊዘረጋ ሲል አቶ ፍስሐ «ሲኞራዋ አየችኝና ‘ላንተ ይሁን’ አለችኝ እኮ» አሉ።

ከዚያ ጋሽ ይርጋ ሳቀ። «መርከብ የሚሄደው ወደ ወደብ ሰው ነው፤ የማጣሪያ ሰው ምን ያደርግላታል?» አለ። የልቡን ትልቅነት አደነቅን። እኔማ ለሳምንት ሳወራው ከረምኩ። በኋላ ግን መርከቢቱን በልዋጭ እንዲሰጡት አቶ ፍስሐን መለመን ጀመረ። ዝንጀሮውን፣ ወታደሩን፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ሁሉ ሊሰጣቸው ነበር። አቶ ፍስሐ «ይርጋ፣ አታስቀኝ» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ ስላየሁት የቆሰለ አልመሰለኝም።

መርከቢቱ እረፍት ስትወጣ ከሌሎቹ ጋር ሣጥን ውስጥ አትገባም። ለብቻዋ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልላ፣ ጣሳው በፕላስተር ታሽጎ፣ በተካ ጋቢና ነው የምትሄደው። ዋዜማውን ሁላችንም ተሰብስበን ጋሽ ይርጋ ክፍል እንጠቀልላለን፣ ዕቃው እዚያው ያድራል፣ ጠዋት አቶ ፍስሐ ጣሳቸውን አንስተው በገዛ እጃቸው ለተካ «አደራ» ብለው ይሰጡታል። ተካ መርከቢቱን ይፈራት ነበር። «ዶቢ በረሃ ላይ መንገዱ ሲንጠን ጣሳው ውስጥ ራሷን ታስነሳለች፤ የመጀመሪያ ቀን ጂን ነው ብዬ ፍሬን ያዝኩ» ይለናል።

አንድ ኅዳር እረፍተኞቹ ወረዱ። እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን፤ ተካም ነበር። አቶ ፍስሐ ፕላስተሩን ላጡ፣ ጥጡን ገለጡ። ከጥጡ ውስጥ የወጣው ድፍን የጨው ድንጋይ ነው።

አቶ ፍስሐ ጨውን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ተካ አዩ።

«ወደ ደጋ ስትወጣ ምን ነበር የጫንከው?» አሉት።

«ጨው» አለ ተካ። ሁልጊዜም የሚጭነው ጨው ነበር። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው።

በዚህ ጊዜ ነው ጋሽ ይርጋ ከመቀመጫው የተነሳው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ተካ አደራ አይበላም» አለ። «ይኼን የምለው ገምቼ አይደለም፣ አውቄ ነው። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ይኼ ሰው አልወሰደም።»

«በምን አወቅህ?» አሉ አቶ ፍስሐ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ወሰዳት?»

ጋሽ ይርጋ ዝም አለ። ፓውደር የነካ እጁን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ሁለት ነጭ መስመር ቀረ። አቶ ፍስሐ «አንተ የዋህ ነህ» ብለውት ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቆርቆሮ ማኅበር አልተሰበሰበም።

ተካን ማንም አልከሰሰውም። ቢከሰስ ይሻለው ነበር። የመኪናው ጌታ ጨው ማስጫኑን አልተወም፤ ካምፑ ግን ተወው። ከደጋ ሲመለስ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፣ የሚወጣ ሰው የለም። ጥቂት ጊዜ መንፋቱን ቀጠለ፣ በኋላ ተወ። ልጃቸውን ክርስትና ሊያነሳላቸው ቃል የገባላቸው ሰዎች «ይቅርታ፣ አጎቱ እኔ ላንሳ ብሎ ነው» አሉት። ሻይ ቤት ሲገባ ሰላም ይሉታል፣ ወንበር ግን አይስቡለትም። እኔስ? እኔ አላምን ብዬ፣ አምኜም፣ መሐል ላይ ቀረሁ። አይቼው ስስቅለት ሳቄ ለራሴ ይጎረብጠኛል።

ጋሽ ይርጋ ብቻ ነበር አደራ የሚሰጠው። ተካ በተነሳ ቁጥር ለእህቱ አንድ ነገር ይልካል፤ ደረቅ ዓሣ፣ ሰንደል ጫማ፣ ሳሙና። የሚልከውም ተደብቆ አይደለም። ዕቃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ካምፑን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥና ሰው በተሰበሰበበት «ተካ፣ አደራ» ይላል ጮክ ብሎ። አንድ ቀን ባዶ ቴርሞስ ይዞ ሲሄድ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ባዶ ቴርሞስ ኮምቦልቻ ምን ይሠራል?»

«አደራ ይሆናላ» አለኝ። ሊስቅ መስሎኝ ጠበቅሁት፤ አልሳቀም።

በዚያው ሰሞን ትልቁ ሬዲዮው ተበላሸ። የሁሉን ሰው ዕቃ የሚጠግነው ሰውዬ የራሱን ሬዲዮ ሳይነካው መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀመጠ። ለምን አትጠግነውም ስለው «በዚህ ቤት አንድ ነገር እንኳ ዝም ይበል እስቲ» አለኝ። ይኼም እንደ ቀልድ አለፈ። ከዓመት ዓመት ከሳ፣ ሳል ጀመረው። በመጨረሻው ሰኔ በተካ መኪና እረፍት ወጣ። ተካ እንደ ዕንቁላል ይዞ እንዳደረሰው፣ መንገድ ላይ ትራስ እንዳደረገለት፣ ባቲ ላይ ወተት እንዳጠጣው በኋላ ነግሮኛል። ነሐሴ ላይ መርዶው መጣ።

ክፍሉ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ለሌላ ሠራተኛ ሊለቀቅ ግድ ነው። ዕቃውን ለእህቱ ሰብስቦ መጫን ለእኔና ለተካ ወደቀ። ጠዋት ገባን። ዝንጀሮውን፣ ወታደሩን፣ ልብሱን በሣጥን በሣጥን አደረግን። እያለቀስንም፣ ቀልዱን እያስታወስን እየሳቅንም ነበር። ተካ «ይኼን ሬዲዮ እኔ ቤት ባደርገው እህቱ ትቀየመኝ ይሆን?» አለና ከመደርደሪያው አነሳው።

ሬዲዮው «ትር ትር ትር» አለ። ቀጥ አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ተካ ሬዲዮውን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። እኔም በእጄ የያዝኩት ሸሚዝ እንዳለ ደረቅሁ። ድምፁ ሞላው እስኪያልቅ ድረስ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ተካ ሬዲዮውን አልጋው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው፤ እኔ የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። የሬዲዮው ሆድ ዕቃ ወጥቶ በምትኩ ጥጥ ተነጥፏል። ቀይዋ መርከብ እዚያ ተኝታለች። አንድ ነጥብ ዝገት የለባትም፤ ፓውደር ተነስንሶባታል።

«ሞልቷት ነው የሄደው» አለ ተካ።

እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። ምናልባት ከሌባው እጅ አግኝቷት ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሰው አስቀምጦበት ይሆናል አልኩ። ጣሳው ያደረው እዚሁ ክፍል ውስጥ እንደነበረ አፌ እየለፈለፈ ልቤ ያስታውሰዋል። ተካ «ሰብለ፣ ተይ» አለኝ። ተውኩት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴ ይዞራል። ያ መሐላ እኮ እውነት ነበር። አውቄ ነው አለ፤ አውቆ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተካ ንጹሕ መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር፤ ያንኑ አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። እውነት ተናግሮ ሰው መቅበር ይቻላል እንዴ? ጨውስ? ተካ ጨው እንደሚጭን እያወቀ ነው ጨው ያስገባው? ወይስ አሰብ ውስጥ እጁን ሲዘረጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ከባድ ነገር ጨው ስለሆነ? ቆርቆሮ ውስጥ ጨው ማስገባት ለጋሽ ይርጋ ሰው እንደ መመረዝ ነው፤ ያን እያደረገ ምን አስቦ ነበር? ያ ባዶ ቴርሞስስ ንስሐ ነው ወይስ መሸፈኛ? ልጠላው ሞከርኩ፤ እጁን ዘርግቶ «ከገመዱ አውርዱኝ» ሲል መጣብኝ። ልዘንለት ሞከርኩ፤ የተካ ጥሩምባ ባዶ ሜዳ ላይ ሲነፋ ትዝ አለኝ። አንዱም አልሆነልኝ። እስከ ዛሬ ሁለት ጋሽ ይርጋ አለኝ፣ እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩም።

«ማንም አላየንም» አልኩት ተካን። «ሙት አይወቀስም። ባሕር ውስጥ ብንጥላትስ?»

ተካ ዓይኑ ደም ለብሷል፣ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነበር። «ጋሽ ይርጋን ማን ወቀሰ? እኔ የሰው ዕቃ አለብኝ» አለ።

«የማንን ዕቃ? መጀመሪያም ለእሱ ነበረች እኮ፤ ሲኞራዋ…»

«እሱን አላውቅም። እኔ የተቀበልኩት ከአቶ ፍስሐ እጅ ነው። አደራ ብለውኛል።»

መርከቢቱን በጥጥ ጠቅልሎ ተነሳ። ተከትዬው ወጣሁ። ወደ አቶ ፍስሐ ቤት አመራ። እኔ ግን አንድ ነገር ስላስጨነቀኝ መንገድ ላይ ክንዱን ይዤ አቆምኩት። «ተካ፣ እንዲህ ይዘህባቸው ስትሄድ አንተ ሰርቀህ አሁን የመለስክ ነው የሚመስላቸው» አልኩት።

«ይምሰላቸዋ» አለኝ። «ያልበላሁትን በላህ ሲሉኝ ኖሬ፣ ሳላደርስ ግን አልሞትም።»

አቶ ፍስሐ በረንዳቸው ላይ በፎጣ አንገታቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል። ተካን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ተካ ደረጃው ሥር ቆሞ ጥጡን ገለጠና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

«አደራዎን አምጥቻለሁ» አለ። «ዘገየሁብዎት።»

አቶ ፍስሐ መርከቢቱን ተቀበሉ። አገላበጡ። ቁልፏን አንድ ዙር አዞሩ፤ «ትር ትር» አለችና ቆመች፣ ቀጠለች።

«የት አገኘሃት?»

ተካ መልስ አልሰጠም። ለምን እንዳልሰጠ አላውቅም፤ ሙቱን ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን «ጋሽ ይርጋ ሬዲዮ ውስጥ» አልኩ። «ጋሽ ይርጋ ነበር የያዛት፣ አቶ ፍስሐ። ከመጀመሪያውም ተካ ጋ አልደረሰችም።»

ይሳደባሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «አንተ ሌባ» ብለው ሙቱን ይረግማሉ ብዬ። አቶ ፍስሐ ግን መርከቢቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

«ለይርጋ ብላ ነው የሰጠችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሲኞራዋ። በስሙ ጠርታ፣ ‘ለይርጋ፣ ለይርጋ’ ብላ። መንገድ ላይ ነው ሐሳቤን የለወጥኩት።» ፎጣውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ያውቅ ነበር መሰለኝ። ያን ቀን ሲስቅ እያወቀ ነው የሳቀው።»

ማን ማንን እንደሰረቀ ልቆጥር ብጀምር መጨረሻው ላይ የምደርስ አልመሰለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይታየኛል፤ ሁለት ወዳጆች ባንዲት ቆርቆሮ ተፋጅተዋል፣ የተቃጠለው ግን ሦስተኛው ሰው ነው። እሱም ደረጃው ሥር ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

አቶ ፍስሐ ተነሱ። ደረጃውን ወርደው መርከቢቱን ለተካ መልሰው ዘረጉለት።

«ነገ የይርጋን ዕቃ ይዘህ ወደ እህቱ መውጣትህ አይደል?» አሉት። «ይቺንም አድርስልኝ። ለእሱ ነበረች፣ ለእህቱ ትሁን።» ከዚያ «አደራ» አሉት።

ዓመታት የጠበቃት ቃል ናት። ተካ እጁን ይዘረጋል ብዬ አየሁት። አልዘረጋም።

«አይ አቶ ፍስሐ» አለ፣ በትሕትና። «የኔ አደራ እዚህ አለቀ። አሁን በእጅዎ ያለው የእርስዎ ነው።»

ዞሮ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመና «በጋቢናው ቦታ አለ። ጠዋት እነሳለሁ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ካምፑ ገና እየነቃ፣ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ ወንዶቹ ወደ ማጣሪያው አውቶቡስ ሲሄዱ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። እኔ ልሰናበት መጥቻለሁ። በስተግራ በኩል አቶ ፍስሐ ብቅ አሉ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፤ መርከቢቱን በክንዳቸው አቅፈዋታል። ሰዉ ሁሉ ቆሞ አያቸው። የጉምሩኩ አቶ ፍስሐ ወደ ተካ ጋቢና መሰላል ሲወጡ፣ ጫማቸው አንዴ ሲያዳልጣቸው፣ ተካ ከውስጥ ክንዳቸውን ይዞ ሲጎትታቸው፣ ካምፑ ሁሉ አየ።

ተካ ሞተሩን አስነሳ። መርከቢቱን የት እንደሚያስቀምጧት ግራ የገባቸውን ሰውዬ ዞር ብሎ አያቸውና «ጭንዎ ላይ ያድርጓት» አላቸው፤ «መንገዱ ይንጣል።»